የበርበሪን ካፕሱል፦ ለስኳር ሕመምተኛ ምን ያህል ይበጃል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባሉ አንዳንድ የኮስሞቲክስ መደብሮች፣ ከቫይታሚኑና ከፀጉር ቅባቱ ጎን ተደርድሮ፣ «በርበሪን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ብልቃጥ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ከውጭ አገር ለበዓል የሚመጡ ዘመዶችም በሻንጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ በቴሌግራም የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ «ስኳርን ያለ ኪኒን የሚቆጣጠር የተፈጥሮ መድኃኒት» እያሉ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ መሐል ሜዳ ጭምር በመኪና ይልኩታል። እኔ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለብኝና ሜትፎርሚን የምወስድ ሰው ነኝ። ይህን ካፕሱል ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ፣ በእርሱ ክትትል ሥር ሆኜ ከአንድ ቀጠሮ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በአካባቢያችን ብዙ ሰው ስለ ምርቱ የሚሰማው ከሻጩ አፍ ብቻ መሆኑን ስለማይ ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ደግሞ የምናገረው ነገር በአንድ ፋብሪካ ላይ ብቻ የሚወሰን ስላልሆነ ነው፤ በእጄ የገቡትና ያገላበጥኳቸው ብልቃጦች በስምና በቀለም እንጂ በይዘትና በአቀራረብ እምብዛም አይለያዩም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ባዶ ወሬ አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የመቀነስ እውነተኛ ኃይል አለው። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ኃይሉ ነው። መድኃኒት የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ነገር፣ መድኃኒት የሚጠየቀውን ጥያቄ ሳይጠየቅ፣ ከሻምፑና ከሎሽን ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሸጣል። ገዢው ስንት ጊዜ እንደሚወስደው፣ ከየትኛው ኪኒን ጋር እንደማይስማማ፣ ማን ፈጽሞ ሊነካው እንደማይገባ የሚነግረው ሰው በዚያ ሱቅ ውስጥ የለም።

በርበሪን በተለያዩ ዕፅዋት ሥርና ቅርፊት ውስጥ የሚገኝ፣ ደማቅ ቢጫ ቀለም ያለው፣ እጅግ መራራ ንጥረ ነገር ነው። በኬሚስቶች አመዳደብ አልካሎይድ ከሚባሉት ወገን ነው፤ የወባ መድኃኒቱ ክዊኒንና ሞርፊንም አልካሎይዶች ናቸውና «ከዕፅ የተገኘ» መሆኑ ብቻ ለዘብተኛ እንደማያደርገው ከዚህ መረዳት ይቻላል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሁዋንግሊያን የሚባለው ተክል ሥር፣ በሕንድ ደግሞ ከሂማሊያ ግርጌ የሚበቅለው የበርበሪስ ቁጥቋጦ ለረጅም ዘመን ለተቅማጥና ለቁስል ሲያገለግሉ ኖረዋል። በቻይና ፋርማሲዎች በርበሪን ዛሬም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። የቁጥቋጦው ዘመድ የሆነና በርበሪስ ሆልስቲ የሚባል እሾሃማ ተክል በአገራችን ደጋዎችም ይበቅላል፤ ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቅርፊት ሊፍቅ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። በቅርፊት ውስጥ ያለው የንጥረ ነገሩ መጠን ከተክል ተክል፣ ከወራት ወራት ይለያያል፤ በእፍኝ የተለካ ቅርፊትና በሚሊግራም የተለካ ካፕሱል አንድ አይደሉም።

በአካባቢያችን «መራራ ነገር ስኳርን ይሰብራል» የሚል ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ግራዋና እሬት ለስኳር የሚጠጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። በርበሪን መራራ መሆኑ ይህን እምነት የሚያጸናለት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ስኳሩን የሚቀንሰው መራራነቱ አይደለም። ተመራማሪዎች እስካሁን ከደረሱበት ሁሉ ግልጽ የሆነው ንጥረ ነገሩ በሕዋሳት ውስጥ ያሉትን የኃይል ማመንጫዎች ሥራ በጥቂቱ የሚገታ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ሕዋሱ ኃይል እንዳነሰው ይቆጥርና ኤ ኤም ፒ ኬ የሚባለውን ኢንዛይም ያስነሣል፤ ይህም ጉበት አዲስ ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ፣ ጡንቻም ከደም ውስጥ ስኳር ይበልጥ እንዲስብ ያደርጋል። ሜትፎርሚንን የሚያውቅ ሰው ይህ መንገድ አዲስ አይሆንበትም፤ ሁለቱ በአሠራራቸው በእጅጉ ይቀራረባሉ። ሌላው የሚገርመው ነገር ከሚዋጠው በርበሪን ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። አብዛኛው በአንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ከሥራውም ከጉዳቱም አንዱ ክፍል የሚከናወነው እዚያው አንጀት ውስጥ፣ ከባክቴሪያዎች ጋር በሚኖረው ግንኙነት ነው።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። እኔ የተጠቀምኩበት ብልቃጥ ከፊት በትልልቅ ቁጥር «1200 ሚሊግራም» ይላል። ጀርባውን ዞር አድርጎ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ሰንጠረዥ ያነበበ ሰው ግን ይህ መጠን የሁለት ካፕሱል ድምር መሆኑን፣ አንዱ ካፕሱል 600 ሚሊግራም ብቻ እንደሚይዝ ያያል። ብዙ ሰው ጀርባውን አያነብም፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ አንዱ ገዢ «1200 ነው» ብሎ አንድ ብቻ ይውጣል፣ ሌላው ደግሞ «አንድ ፍሬ ምን ያደርጋል» ብሎ ሦስት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ብልቃጡ 60 ፍሬ ይይዛል። በጥናቶች እንደተለመደው በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ቢወሰድ በ20 ቀን ያልቃል፤ «የወር መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ወር አይሞላም ማለት ነው። ዋጋውን የሚያወዳድር ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራ መልካም ነው።

ካፕሱሉ ሲከፈት የሚታየው ዱቄት ከእርድ የደመቀ ቢጫ ነው። ጣት ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅም፤ ምላስ ላይ ከነካ መራራነቱ ውኃ ተጠጥቶም ይቆያል። ይህን የምጠቅሰው አንዳንድ ሰዎች ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን በሻይ ወይም በማር በጥብጠው እንደሚጠጡ ስለሰማሁ ነው፤ ካፕሱሉ የተሠራው ሳይከፈት እንዲዋጥ ነው፣ ማር ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ ስኳር ነው። ደብረ ብርሃን ብርዳማና በአመዛኙ ደረቅ በመሆኗ ካፕሱሉን ማስቀመጥ አያስቸግርም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚወስደው ሰው ግን ብልቃጡን መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ሥር ማቆየት ካፕሱሎቹ እንዲለሰልሱና እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል።

ስለ ውጤቱ ከራሴ ልኬት በፊት የጥናቶቹን ነገር ማስቀደም ይገባኛል፤ አንድ ሰው በራሱ ላይ ያየው ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልምና። በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የሻንጋይ ሐኪሞች ጥናት ነው። ሕመሙ በቅርቡ የታወቀላቸውን 36 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ በርበሪን፣ ግማሾቹ ሜትፎርሚን፣ ሁሉም 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ወር እንዲወስዱ አደረጉ። በርበሪን በወሰዱት ላይ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ መጠን ከ9.5 ወደ 7.5 በመቶ ወረደ፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳርም በእኛ አለካክ (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ከ191 ወደ 124 ገደማ ዝቅ አለ። ይህም ከሜትፎርሚኑ ውጤት ጋር የሚቀራረብ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የቻይና ጥናት 116 ሕመምተኞችን ይዞ፣ በቀን አንድ ግራም በርበሪን የወሰዱት ኤ ዋን ሲያቸው ከ7.5 ወደ 6.6 በመቶ እንደወረደ፣ የኮሌስትሮላቸው መጠንም እንደቀነሰ አሳይቷል። የኮሌስትሮሉ ጉዳይ ድንገተኛ አይደለም፤ በ2004 የወጣ ምርምር በርበሪን ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እንዲጠርግ የሚያደርግበትን መንገድ ገልጾ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ደስ ያሰኛሉ፤ ሻጮችም የሚያነሡት እነዚህኑ ነው። የማያነሡት ግን ከጥናቶቹ አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ፣ ከጥቂት ወራት ያላለፉና በአንድ አገር የተሠሩ መሆናቸውን ነው። የስኳር ሕመም ደግሞ የሦስት ወር ጉዳይ አይደለም። ሰው መድኃኒት የሚወስደው ቁጥሩ እንዲያምርለት ሳይሆን ዓይኑ፣ ኩላሊቱ፣ እግሩና ልቡ እንዲተርፍለት ነው። ሜትፎርሚን በዚህ ረገድ ተፈትኗል፤ በ1998 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የእንግሊዝ ጥናት ክብደታቸው ከፍ ያለ ሕመምተኞች ለብዙ ዓመታት ሜትፎርሚን ሲወስዱ ከስኳር ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። በርበሪን ዓይንንና ኩላሊትን ለዓመታት እንደሚጠብቅ በዚህ ስፋት ያረጋገጠ ጥናት አልቀረበለትም። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ለሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ላክል፤ ሜትፎርሚንም ዘሩ ከተክል ነው። ጋሌጋ የሚባለው የአውሮፓ ተክል ለስኳር ሕመም ምልክቶች በባህል ሲሰጥ ከኖረ በኋላ ነው ከውስጡ የተገኘው ንጥረ ነገር ለዚህ ኪኒን መነሻ የሆነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርንም በሰው ላይ የሞከረበትን ውጤት በ1957 አሳተመ። ልዩነቱ አንደኛው ከቅጠሉ ተነሥቶ የመድኃኒትን ፈተና ሁሉ ማለፉ፣ ሌላኛው ገና በመንገድ ላይ መሆኑ ነው።

የራሴ ነገር እንዲህ ነበር። ሐኪሜ መጀመሪያ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አዘዘልኝ፣ የምወስዳቸውን ኪኒኖች ዝርዝር ተመለከተ፣ ከዚያም በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር፣ በቀን አንድ ጊዜ እንድጀምር ፈቀደልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአንጀት ቀላል አልነበሩም፤ ሆድ መንፋት፣ ቁርጠትና በተለይ ድርቀት ነበረኝ። ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ በሻንጋዩ ጥናት፣ ስኳራቸው በሌላ መድኃኒት አልወርድ ያላቸውን ሰዎች የያዘው ሁለተኛው ክፍሉም ሲቆጠር፣ በርበሪን ከወሰዱት 58 ሰዎች መካከል 20 ያህሉ የሆድ ችግር ገጥሟቸዋል፣ ለአንዳንዶቹም መጠኑ እንዲቀነስ ተደርጓል። መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ ሳደርግና ምግብ እየበላሁ ስወስደው ሕመሙ ቀለለ፤ ድርቀቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። በባዶ ሆድ የምለካው ስኳር ቀድሞ ከነበረበት ዝቅ ብሏል፤ ቁርጥ ያለ ልዩነት ግን አልነበረም፣ በዚያው ወቅት የጠዋት የእግር ጉዞዬንም አጠንክሬ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለካፕሱሉ መስጠት አልችልም።

በዚህ አጋጣሚ በደጋ ለምንኖር ሰዎች የሚጠቅም አንድ ነገር መጠቆም እፈልጋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን፣ ጎሕ ሲቀድ ጣት ወግቶ መለካት የለመደ ሰው መለኪያው አንዳንድ ጊዜ ቁጥር ሳይሰጥ የስሕተት ምልክት ሲያሳየው ያያል። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ የስኳር መለኪያዎች ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ንጋት ደግሞ ከዚያ በታች ብዙ ይወርዳል። መለኪያውንና ደም የሚነካበትን ስትሪፕ የያዘውን ብልቃጥ ማታ ከመስኮት አርቆ ሞቅ ባለ ቦታ ማሳደር፣ እጅንም በሞቀ ውኃ ታጥቦ አድርቆ መለካት ያስፈልጋል። በርበሪንም ሆነ ሌላ ነገር «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ብሎ መፍረድ የሚቻለው ልኬቱ ራሱ ትክክል ሲሆን ነው። ከሁሉ በላይ ግን የኤ ዋን ሲ ምርመራው ነው የሚያስተማምነው።

ስለ ጾም መናገር ግድ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ይህ ጉዳይ ሳይነሣ የስኳር ነገር አይሟላም። በርበሪን በሰውነት ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ይመከራል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ የሚጾም ሰው ሦስት ጊዜ የሚበላበት ሰዓት የለውም። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ቁርጠቱ ይብሳል፤ ሦስቱን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መዋጥ ደግሞ ትርጉም የለውም፣ ለአንጀትም ጠንቅ ነው። ብልቃጡ ላይ «ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር» የሚለው መመሪያ ቁርስ ለሌለው ሰው የተጻፈ አይደለም። እኔ በጾም ወቅት በቀን አንድ ብቻ፣ ከገበታ ላይ፣ እንድወስድ ነው የተነገረኝ፤ በእንዲህ ያለ መጠን ካፕሱሉ ለዋጋው የሚመጥን ሥራ ይሠራል ብዬ አላምንም።

ከዚህ የሚከብደው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ነገር ነው። አክስቴ ግሊቤንክላማይድ የምትወስድ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ከአንድ ነጋዴ ብልቃጡን ገዝታ ማንንም ሳታማክር በኪኒኗ ላይ ደርባ መዋጥ ጀመረች። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሥር ነው፤ ሥር ሰው ይገድላል እንዴ?» ነበር ያለችኝ ስጠይቃት። በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ስትደርስ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯም ተዘበራረቀ፤ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ወዲያው ስለተሰጣት ነፍሷ መለስ አለ፣ ሲለካም ስኳሯ በጣም ወርዶ ነበር። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ኪኒን በመሆኑ ብቻውንም ቢሆን በጾም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። በርበሪን ሲታከልበት ሁለት ነገር ይሆናል፤ የራሱን ስኳር የመቀነስ ኃይል ይጨምራል፣ ከዚህም ሌላ መድኃኒቶችን የሚሰባብሩትን አንዳንድ የጉበት ኢንዛይሞች ሥራ ያዳክማል፤ ግሊቤንክላማይድም ከሚሰባበርባቸው ኢንዛይሞች አንዳንዶቹ ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። የሸጠላት ሰው ምን ኪኒን እንደምትወስድ አልጠየቃትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

የኢንዛይሙ ጉዳይ በስኳር ኪኒን ብቻ አይወሰንም። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሎሳርታን፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ አንዳንድ የኮሌስትሮልና የልብ መድኃኒቶች በእነዚሁ ኢንዛይሞች ያልፋሉ። ኩላሊት ለተተካላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በበርበሪን ምክንያት በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የምታጠባ እናትና ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ ሊቀርቡት አይገባም፤ በርበሪን አዲስ በተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ንጥረ ነገር ከተጣበቀበት ፕሮቲን ስለሚያላቅቀው፣ ወደ አንጎል ገብቶ የማይድን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እኔ ባገላበጥኳቸው ብልቃጦች ላይ ይህ ሁሉ የተጠቃለለው «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪምዎን ያማክሩ» በሚል አንድ የደቂቅ ፊደል መስመር ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ ተመርምሮ የወጣ ነው» ይላሉ። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው ምርት የሚቆጠረው ከመድኃኒት ሳይሆን ከምግብ ማሟያ ነው፤ ከ1994 ወዲህ ባለው ሕግ መሠረትም አምራቹ ምርቱ እንደሚሠራ ለመንግሥት አስቀድሞ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ብልቃጡ ጀርባ ላይ «ይህ ምርት ማናቸውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ ግን «ስኳር ያጠፋል» እያለ የሚሸጠው ይህንኑ ብልቃጥ ነው። በ2018 በታተመ ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ከተወሰዱ 15 የበርበሪን ምርቶች ዘጠኙ በውስጣቸው የተገኘው መጠን ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ከ90 በመቶ በታች ነበር፤ ውድ የሆነውም ከርካሹ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ «ውዱን ልግዛ፣ ጥሩው እርሱ ነው» የሚለው ዘዴ እዚህ ላይ አይሠራም። የምርቱን የጥራት ምርመራ ከአምራቹ ውጭ የሆነ ድርጅት ስለማካሄዱ ምልክት ያለበትን መፈለግ ይሻላል፤ በእኛ ገበያ ላይ ያየኋቸው ግን ይህ ምልክት አልነበራቸውም።

ስለ ዋጋ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ብልቃጥ በርበሪን የሚገዛበት ገንዘብ በመንግሥት ጤና ተቋም ፋርማሲ ለብዙ ወራት የሚሆን ሜትፎርሚን ይገዛል። ከመንዝ ወይም ከእነዋሪ ለቀጠሮ በመኪና ተሳፍሮ የሚመጣ ገበሬ ይህን ገንዘብ ለስትሪፕ ወይም ለኤ ዋን ሲ ምርመራ ቢያውለው ከካፕሱሉ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ብልቃጡን ለመግዛት ሲሉ የታዘዘላቸውን ኪኒን ያቋረጡ ሰዎች እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው አጠቃቀም ነው።

በኢንተርኔት «የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» የሚለው ማስታወቂያ ከ2023 ወዲህ በርበሪንን ለክብደት መቀነሻ አስፈላጊ አስመስሎታል። ኦዜምፒክ በመርፌ የሚሰጥ፣ ከአንጀት የሚመነጭ ሆርሞንን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ በርበሪን በአሠራርም በውጤትም ከእርሱ ጋር አይገናኝም። በጥናቶች የታየው የክብደት ቅነሳ አነስተኛ ነው፣ እኔም በሚዛን ላይ የምናገረው ለውጥ አላየሁም።

ከቤታችን ያለውን አብሽ ከዚህ ጋር ማነጻጸር የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ተገቢም ነው። አብሽ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር የምግብ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ አሰር ነው። በሕንድና በሌሎችም አገሮች በሕመምተኞች ላይ ተጠንቶ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል። ኃይሉ ከበርበሪን ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምግብ ነው፣ ዋጋውም ከማንም አቅም በላይ አይደለም፣ ስንትና እንዴት እንደሚጠጣ እናቶቻችን ያውቁታል። የስኳር ኪኒን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን አብሽንም ቢሆን በየዕለቱ በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል። ማር ሳይጨመርበት መጠጣት እንዳለበትም አይዘነጋ።

እንግዲህ ካፕሱሉ ለማን ይሆናል? ሜትፎርሚን ሆዱ ያልተስማማለት፣ ወይም ኪኒኑን እየወሰደ ኤ ዋን ሲው በጥቂቱ ከፍ ብሎ የቀረ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ጤናማ የሆነ፣ ግሊቤንክላማይድም ሆነ ኢንሱሊን የማይጠቀም፣ ገንዘቡም የማይቸግረው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊሞክረው ይችላል። ለሌላው፣ በተለይ ኪኒኑ ደህና ለያዘለት ሰው፣ አልመክረውም፤ እኔም ቀጠሮዬ ሲደርስ ከሐኪሜ ጋር ተመካክረን አቁሜዋለሁ። ድርቀቱ ያስቸግረኝ ነበር፣ የተገኘውም ለውጥ ሜትፎርሚኑን በትንሹ ከፍ በማድረግ ሊገኝ የሚችል ነበር።

ለመሞከር የወሰነ ሰው ከመጀመሩ በፊት ኤ ዋን ሲውን ያሠራ፤ በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር ይጀምር፤ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ሁሉ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ያሳይ፣ ብልቃጡንም ይዞ ይሂድ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ ወይም የዓይን መጋረድ ከተሰማው ወዲያው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ስኳር የተበጠበጠ ውኃ ይጠጣና ካፕሱሉን ትቶ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሦስት ወር ሲሞላው ኤ ዋን ሲውን እንደገና ያሠራ፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ብልቃጥ አይግዛ።